ሳል ሁሉ የእርጅና አይደለም፦ የስኳር ሕመምና የሳንባ ነቀርሳ አብረው የተጓዙበት ታሪክ

ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ የጤና ዝግጅታችን የቀረበ ትምህርት ነው። በሬዲዮ ያልሰማ እንዲያነበው፣ የሰማም ማንበብ ለማይችል ጎረቤቱ እንዲያነብለት በማሰብ ታትሟል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ርዕሳችን ስለ ሁለት በሽታዎች ነው። አንደኛው የስኳር ሕመም፣ ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ነው። ስለ ሁለቱም ለየብቻቸው ብዙ ሰምተናል። ስኳር ሲባል ሻይን ሳያጣፍጡ መጠጣት፣ የእግር ቁስልና የዓይን መድከም ትዝ ይለናል። ቲቢ ሲባል ደግሞ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታና የስድስት ወር መድኃኒት ትዝ ይለናል። ሁለቱ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ የሚደርሰው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች ሲከሱና ሲያስሉ፣ ቤተሰቡ “እርጅና ነው”፣ “ስኳሩ ነው”፣ “የሞያሌ አቧራ ነው”፣ “የማገዶው ጭስ ነው” እያለ ወራት ያልፋሉ።

“ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ” እንደሚባለው፣ ነገሩን ከታሪኩ እንጀምር። ታሪኩ የሚያስተምረን አንድ ቁም ነገር ነው። የሁለቱ በሽታዎች ዝምድና ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ተረሳ። ከዚያ እንደገና ታወቀ። በተረሳበት ዘመን የተጎዱት ሳይመረመሩ የቀሩት ሕሙማን ናቸው። እኛ በዚህ ካምፕ ውስጥ ያንን መርሳት መድገም የለብንም።

ጥንትም የታወቀ ነበር

የስኳር ሕመም አዲስ በሽታ አይደለም። የጥንት የህንድ ሐኪሞች የአንዳንድ ሕሙማን ሽንት ጣፋጭ እንደሆነና ጉንዳን እንደሚሰበስብ አይተው፣ ሕመሙን የማር ሽንት የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተውት ነበር። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ የቆየ ነው። ሰውን ቀስ በቀስ የሚያከሳና የሚያመነምን በሽታ መሆኑ በየአገሩ ይታወቅ ነበር።

ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ከጻፉት የጥንት ሊቃውንት መካከል በ1037 ያረፈው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና ይጠቀሳል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ በሚያመነምነው የሳንባ በሽታ እንደሚያዙ ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አስተውሎ ጽፏል። በእጁ ማይክሮስኮፕ አልነበረም፤ ራጅም አልነበረም። ሕመምተኞቹን ብቻ በትዕግሥት ይመለከት ነበር።

የቲቢን ጀርም ለዓለም ያሳወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ነው። ይህንንም ያደረገው መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር። የዓለም የቲቢ ቀን በየዓመቱ በዚሁ ዕለት የሚከበረውም ለዚህ ነው። በዓመቱ፣ በ1883፣ በስኳር ሕመም የሞቱ የ333 ሰዎች አስከሬን ምርመራ ውጤት ተሰብስቦ ታተመ። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በሚበልጡት ሳንባ ላይ የነቀርሳ ጉዳት ተገኝቶ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ስኳር ያለበት ሰው፣ ስኳሩ ካልገደለው ነቀርሳ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ኢንሱሊን መጣ፣ ነቀርሳው ግን አልሄደም

በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በ1921 ኢንሱሊን ተገኘ። በጥር ወር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ በስኳር ሕመም ለሞት ተቃርቦ ለነበረ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ልጁም ዳነ። ይህ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ታላቅ የደስታ ቀን ነበር። ቀደም ሲል በአጭር ጊዜ ይሞቱ የነበሩ ሕሙማን አሁን ረጅም ዕድሜ መኖር ጀመሩ።

ሆኖም ግን ዕድሜያቸው ሲረዝም ሌላ ነገር ታየ። በ1934 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የስኳር ሕሙማንን ያክም የነበረው ዶክተር ሃዋርድ ሩት፣ ኢንሱሊን ከመጣ በኋላም ነቀርሳ እነዚህን ሕሙማን ከሌላው ሰው አብልጦ እንደሚያጠቃ በጥናት አሳየ። በ1946 ደግሞ በፊላደልፊያ ከተማ ከ3,000 በላይ የስኳር ሕሙማን ደረታቸው በራጅ ታየ። ከመቶው 8.4 የሚሆኑት የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው። ለንጽጽር በተመሳሳይ መንገድ ከታዩት የፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ግን የተገኘባቸው ከመቶው 4.3 ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ እጥፍ ገደማ ነው።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ለራጅ የተጠሩት የስኳር ሕመም ስላለባቸው ነው፤ እያሳሉ ስለመጡ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ባይጠሩ ኖሮ ብዙዎቹ ሳይታወቅላቸው ይቀር ነበር። “ሳይታመሙ መመርመር” የምንለው ትርጉሙ ይኸው ነው።

ከእኛው አካባቢ የተገኘ ትምህርት

ለቲቢ የሚሆን የመጀመሪያው ብርቱ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን በ1944 ለሰው መሰጠት ጀመረ። በ1952 አይሶኒያዚድ ተጨመረ። ያኔ ግን ሕክምናው አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ይወስድ ስለነበር ብዙ ሰው መሐል ላይ ያቋርጥ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የስድስት ወር ሕክምና መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህችው ምሥራቅ አፍሪካ መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን? በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳና በዛምቢያ ሆስፒታሎች የተካሄደው ሙከራ የመጀመሪያ ውጤት በ1972 ታተመ። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ሲጨመር ስድስት ወር ብቻ እንደሚበቃ ለዓለም ያሳየው ይህ ሥራ ነው።

ከሞያሌ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ዋጂር ደግሞ ሌላ ትልቅ ነገር ተሠርቷል። አናሌና ቶኔሊ የተባሉ ጣሊያናዊት በ1969 ወደ ኬንያ መጥተው በዋጂር በአርብቶ አደሮች መካከል ኖሩ። ሐኪም አልነበሩም፤ የተማሩት ሕግ ነበር። አርብቶ አደር የሆነ ሰው ግመሉንና ከብቱን ተከትሎ ስለሚጓዝ መድኃኒቱን ያቋርጣል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1976 በተጀመረው የዓለም ጤና ድርጅት የሙከራ ፕሮጀክት ግን ሕሙማኑ ጎጆአቸውን ይዘው መጥተው በሕክምና ማዕከሉ አጠገብ እንዲሰፍሩ፣ እየታዩም በየቀኑ መድኃኒታቸውን እንዲውጡ ተደረገ። ስድስት ወራቸውን ጨርሰው ድነው ሄዱ። አናሌና ቶኔሊ በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚሰጠውን የናንሰን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቦራማ ውስጥ ይሠሩበት በነበረው ሆስፒታል ግቢ ተገደሉ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ተንቀሳቃሽ ሰው፣ ስደተኛ ሰው፣ በድንኳን የሚኖር ሰው የቲቢ ሕክምናን ጨርሶ መዳን እንደሚችል በዚሁ በሰሜን ኬንያ በረሃ ታይቷል። ስለዚህ “እኛ ስደተኞች ነን፣ ለእኛ አይሆንም” የሚል ንግግር በታሪክ የተሻረ ነው።

የተረሳው ዝምድና ተመልሶ መጣ

መድኃኒቱ ሲገኝ በሀብታም አገሮች ቲቢ እየቀነሰ ሄደ። የስኳር ሐኪሞች ስለ ነቀርሳ መጠየቅ ተዉ። በእኛ አገሮች ደግሞ ቲቢ ሳይቀንስ ቆየ፤ የስኳር ሕመም ግን የሀብታም በሽታ ነው ተብሎ ተናቀ። ከዚያ የኤች አይ ቪ ዘመን መጣና የሁላችንም ትኩረት ወደዚያ ሆነ። በ1993 የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ የዓለም አጣዳፊ ችግር መሆኑን አወጀ። ነገር ግን በየጤና ተቋሙ የቲቢ ክፍልና የስኳር ክፍል ለየብቻቸው ነበሩ። አንዱ የሌላውን ሕመምተኛ አያይም ነበር።

በአገራችን በኢትዮጵያ ይህን ያስተዋሉ ሐኪሞች አልጠፉም። በ1999 በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የስኳር ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ከመቶው ስድስት የሚጠጉት የቲቢ ሕመም እንዳገኛቸው አመለከተ። ይህ በማንኛውም መለኪያ ከፍተኛ ቁጥር ነው።

በ2008 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ተረጋገጠ። በ2011 የወጣ ተመሳሳይ ሥራ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲሆኑ በቲቢ ሕክምና ጊዜ የመሞት አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር፣ ቲቢው ከዳነ በኋላም የማገርሸት ዕድሉ ወደ አራት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳየ። በዚያው በ2011 የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቲቢና የሳንባ በሽታዎች መከላከያ ኅብረት አንድ የጋራ መመሪያ አወጡ። መመሪያው ቲቢ በሚበዛባቸው አገሮች የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ስለ ቲቢ ምልክቶች እንዲጠየቅ፣ የቲቢ ሕመምተኛም ሁሉ ስኳሩ እንዲለካ የሚል ነው። ብዙም ሳይቆይ የቻይናና የህንድ የስኳር ክሊኒኮች ሕመምተኛውን ለክትትል ሲመጣ ጥቂት ቀላል ጥያቄዎች በመጠየቅ ይህን መሥራት እንደሚቻል አሳዩ።

ዛሬ ቁጥሩ ምን ይመስላል? በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል። ከእነዚህ ውስጥ 380,000 የሚሆኑት ለቲቢ የተጋለጡት በስኳር ሕመም ምክንያት እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አዋቂዎች ቁጥር በ2024 589 ሚሊዮን ደርሷል። በአፍሪካ ውስጥ ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

በኬንያም በ2015 እና በ2016 አገር አቀፍ የቲቢ ጥናት ተካሂዷል። 63,050 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ 305 ሰዎች ቲቢ ተገኝቶባቸዋል። ሲሰላ ከ100,000 አዋቂዎች 558 ማለት ነው። ጥናቱ ያስደነገጠው ከቁጥሩም ይልቅ፣ በአገሪቱ ከሚገኙት የቲቢ ሕሙማን ከአሥሩ አራቱ ሳይታወቁና ሳይታከሙ የሚቀሩ መሆናቸው ነው። ብዙዎቹም የተገኙት በራጅ ነው፤ ብዙ ስለሳሉ አልነበረም።

ሞያሌና ስደት

ሞያሌ የሁለት አገር ከተማ ናት። በአንድ መንገድ ላይ ተሻግረን ኢትዮጵያ ነን፣ ተሻግረን ኬንያ ነን። ይህች ከተማ ስደተኛ ስትቀበል የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ደርግ ሲወድቅ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ በኩል ተሻግረው ዋልዳ በሚባለው ካምፕ ኖረዋል፤ ኋላም ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተወስደዋል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በጥይት ከተገደሉ በኋላ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻግረዋል።

ሰው ሲሸሽ ልጁን ያዝላል፣ ፌስታል ያንጠለጥላል። የስኳር ኪኒኑንና የክትትል ካርዱን ግን ብዙ ጊዜ ትቶት ይመጣል። መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ስኳሩ ይወጣል። ከዚያ በጠባብ ድንኳን ውስጥ ብዙ ሰው አንድ አየር ይተነፍሳል። እንግዲህ ስደት ለሁለቱ በሽታዎች መገናኛ በር ይከፍትላቸዋል ማለት ነው።

ድንበር ሌላም ችግር አለው። አንዳንድ አዛውንት ስኳራቸውን በኢትዮጵያ በኩል፣ ሳላቸውን በኬንያ በኩል ያሳያሉ። አንዱ ካርድ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፤ በመካከላቸውም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። የስኳር መለኪያውም ይለያያል። በኢትዮጵያ 126 የሚባለው የጾም ስኳር በኬንያ መለኪያ 7 ነው፤ 180 የሚባለው ደግሞ 10 ነው። “እዚያ 180 ነበርኩ፣ እዚህ 10 ብቻ አሉኝ፣ ድኛለሁ” ብሎ መድኃኒት የሚያቆም ሰው ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ካርዶች በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ በሄዳችሁበት ሁሉ ሁለቱንም አሳዩ።

ለምን በተለይ አዛውንቶች?

ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው የቲቢ ጀርም በሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶው ከ5 እስከ 10 ብቻ ናቸው። በቀሩት ውስጥ ጀርሙ ተኝቶ ይኖራል። ከሠላሳ ወይም ከአርባ ዓመት በፊት፣ ምናልባት በወጣትነት፣ ምናልባት በሌላ ስደት፣ የገባ ጀርም ዛሬም እዚያው ሊኖር ይችላል። የሰውነት የመከላከል ኃይል እንደ ዘበኛ ይጠብቀዋል። ዕድሜ ሲገፋ ዘበኛው ይደክማል። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ደግሞ የበለጠ ይደክማል። ያኔ የተኛው ይነቃል።

ሌላው ችግር የአዛውንት ቲቢ ራሱን መደበቁ ነው። በወጣት ላይ ብርቱ ሳል፣ ትኩሳትና ደም ያለበት አክታ ይታያል። በአዛውንት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ድካም፣ ክሳትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ብቻ ነው። እነዚህ ሁሉ በስኳር ሕመምም ይመጣሉ። ስለዚህ ቤተሰቡም፣ አንዳንዴም ባለሙያው፣ ሁሉንም በስኳሩ ያመካኛል። በዚህ መሐል አያት የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው ይተኛሉ። ሳይታወቅ የቀረ የአያት ቲቢ ለሕፃናቱ ይተርፋል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ በቲቢ ክፉኛ ይጎዳል። የስኳር ሕመም ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በሳንባ ያለ ቲቢ ግን በአየር ይተላለፋል።

መቼ እንመርመር?

የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ በተለይ ዕድሜያችሁ ከ50 በላይ የሆነ፣ ለክትትል ወደ ክሊኒክ በሄዳችሁ ቁጥር እነዚህን ነገሮች ራሳችሁ ተናገሩ። ባለሙያው እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ።

1. ሳል አለኝ ወይ? ደረቅም ይሁን አክታ ያለው፣ ትንሽም ይሁን ብዙ። ሁለት ሳምንት ከሞላው ደግሞ ምርመራ የግድ ነው።
2. ማታ ማታ ትኩሳት ወይም ልብስ የሚያርስ ላብ አለኝ ወይ?
3. ከስቻለሁ ወይ? ቀበቶዬ ወይም ቀሚሴ ሰፍቶኛል ወይ?
4. መድኃኒቴን ሳላቋርጥ፣ ምግቤንም ሳልለውጥ ስኳሬ ያለ ምክንያት ወጥቷል ወይ? ቲቢ ራሱ ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።
5. በቤታችን ወይም በአጠገባችን ባለ ድንኳን ቲቢ የታከመ ሰው አለ ወይ? እኔ ራሴስ ከዚህ በፊት ታክሜ ነበር ወይ?

ከእነዚህ አንዱ እንኳን ቢኖር አክታ እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ። ራጅ በሚገኝበት ቦታ ምልክት ባይኖርም ደረት ቢታይ ጥሩ ነው፤ ፊላደልፊያም ኬንያም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። አክታ ሲሰጥ ምራቅ አይደለም የሚፈለገው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሳችሁ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ፣ ከቤት ውጭ አየር በሚነፍስበት ቦታ ሁኑ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ከዚያ ከደረት በጥልቅ አስሉና በተሰጣችሁ ዕቃ ውስጥ ትፉ፤ ክዳኑንም ግጠሙ። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ውጤቱ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ መሣሪያው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መኖሩንም ያሳያል። በኬንያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ የአክታ ምርመራና መድኃኒት በነጻ ነው።

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። በቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ስኳሩ እንዲለካለት ይጠይቅ። ከጣት የምትወሰድ አንዲት የደም ጠብታ ትበቃለች።

ሕክምና ከተጀመረ በኋላ

የተለመደው የቲቢ ሕክምና ለሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ቀጥሎ ለአራት ወር ሁለት መድኃኒት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

የስኳር መድኃኒታችሁን በፍጹም አታቋርጡ። ሪፋምፒሲን ግን እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ የስኳር ኪኒኖችን ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ለቲቢ ሐኪሙ የስኳር ኪኒናችሁን፣ ለስኳር ሐኪሙም የቲቢ ኪኒናችሁን አሳዩ። መጠኑን መቀየር ወይም ወደ ኢንሱሊን መሻገር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ባለሙያው ነው። የቲቢው ሕክምና ሲያልቅም መጠኑ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።

አይሶኒያዚድ የእጅና የእግር መደንዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ስኳርም እንዲሁ ያደነዝዛል። ቫይታሚን ቢ ስድስት አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። ሽንት ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሲሆን አትደንግጡ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፣ ደም አይደለም። የዓይን ማየት ከደከመ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ከበዛ ግን በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ሂዱ። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን መጾም የምትፈልጉ፣ ሁለቱም ሕመሞች ካሉባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ።

ቤት ውስጥ የድንኳኑን መግቢያ ቀን ቀን ክፈቱ፤ ነፋስና ፀሐይ ይግባ። በራቸው ተዘግቶ ብዙ ሰው ተጨናንቆ የሚቀመጥባቸው ክፍሎች፣ ጫት መቃሚያዎቹም ጭምር፣ ለቲቢ ይመቻሉ። ስታስሉ አፋችሁን በነጠላ ወይም በክንዳችሁ ሸፍኑ። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ፣ ሕፃናቱ በቅድሚያ፣ ይታዩ። ሕመም የሌለባቸው ሕፃናት የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል።

ስለ ፍርሃታችን

በካምፕ ውስጥ ብዙ ሰው ሳሉን የሚደብቅበት ምክንያት እንዳለው እናውቃለን። አንዱ ኀፍረት ነው። ሌላው ትልቁ ፍርሃት “ቲቢ አለበት ከተባልኩ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ዕድሌ ይሰረዛል” የሚለው ነው። እውነቱ እንዲህ ነው፦ ከጉዞ በፊት በሚደረገው የጤና ምርመራ የሚተላለፍ ቲቢ ከተገኘ ሰውየው ታክሞ እስኪድን ጉዞው ይዘገያል። በቲቢ ታክሞ መዳን ግን ጉዞን የሚያሰርዝ ጥፋት አይደለም። ዛሬ የተጀመረ ሕክምና ከስድስት ወር በኋላ ያልቃል። የተደበቀ ቲቢ ግን ራጅ ላይ መታየቱ አይቀርም፤ ያኔ ጊዜውም፣ ሳንባውም፣ ምናልባት የልጅ ልጁም ጤና አብሮ ይባክናል።

ሦስተኛው ፍርሃት የአዛውንቶቹ ነው። “እኔ አርጅቻለሁ፣ ለእኔ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ለልጆቹ ይሁን” የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ። እኔ በነርስነት የሠለጠንኩ፣ በዕድሜ ልጃችሁ የምሆን ሠራተኛ ነኝ። በትሕትና የምላችሁ ይህን ነው፦ እናንተ ስትመረመሩ ልጆቹም ይድናሉ። ደግሞም እናንተ ራሳችሁ ለመዳን ዕድሜ አያግዳችሁም።

ለልጆችና ለጎረቤቶችም አደራ አለን። በብሎካችሁ ውስጥ ስኳር ያለበት አዛውንት ከከሳ “ስኳሩ ነው” ብላችሁ አትለፉት። ክሊኒክ ድረስ አብራችሁት ሂዱ፤ ካርዱን ያዙለት፤ ስዋሂሊ ካልቻለ አስተርጉሙለት። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ አባቶቻችን። ኢብን ሲና ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በዓይኑ ብቻ አይቶ የጻፈውን፣ እኛ አክታ መመርመሪያ በእጃችን እያለ መርሳት አይገባንም።

በሚቀጥለው ዝግጅት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ ጤና ይስጥልን። ደኅና ሁኑ።